ካውንቱ

የታች ጋይንት ሰው፣ በተለይ የእኔ ዘመን ልጅ፣ አውሮፕላንን ከማየቱ በፊት መፍራቱን ነው የሚማረው። እማማ፣ የእናቴ እናት፣ በጉና በኩል ሰማዩ ሲንጎዳጎድ እንኳ ነጠላዋን ወደ ራሷ ስባ «ኧረ ያች ነገር እንዳትሆን!» ትል ነበር። ያች ነገር ማለት አውሮፕላን ናት፤ በስሟ አትጠራትም። ባሏ በ1928 ዓ.ም. ከራስ ካሳ ጦር ጋር ተምቤን ዘምቶ የተመለሰው ትከሻውና እጁ ላይ የማይድን ቁስል ይዞ ነው። እኔ አልደረስኩበትም፣ ከመወለዴ በፊት ሞቷል፤ ታሪኩን ግን አርብ ገበያ ውስጥ ጠላ ቤቱም ለቅሶ ቤቱም ያውቀዋል። ከሰማይ የወረደው ጠል የነካው ሰው ቆዳው ተላጠ፣ በቅሎዎቹ አረፋ ደፍቀው ሞቱ፣ ምንጩን የጠጣ አልተነሳም። እማማ ይህን የምታወራው እሳቱን እየቆሰቆሰች ስለነበር የወይራው ጭስና የጌሾው ሽታ እስከ ዛሬ ከዚያ ወሬ አልተለየልኝም።

እንግዲህ እዚህ ቤት ነው አጎቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ግቢ ገብቶ አውሮፕላን አጣቢ ሆነ የሚል ወሬ የመጣው። አጎቴን «አያ» ነው የምለው፤ ዛሬም ሌላ ስም አፌ ላይ አይመጣልኝም። እማማ «የጠላት ዕቃ የሚያጥብ ልጅ ወለድኩ!» ብላ እህል አልቀምስም አለች። የንስሐ አባቷ መጥተው «አሁንማ የንጉሡ ነው እኮ» ቢሏት፣ «የማንስ ቢሆን፣ ከላይ ሆኖ ሰው ቁልቁል የሚያይ ነገር ምን ደግ አለው?» አለቻቸው። አባም መልስ አልነበራቸውም፤ ጠላቸውን ጠጥተው ባርከው ሄዱ።

አያ ዘንድ የተላክሁት ለትምህርት ነው። ዘመኑ 1946 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከወረታ ወልድያ የሚያደርስ መንገድ የለም፤ ከነጋዴ ጋር ተቀላቅለን፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱበትን አገር በእግራችን አቋርጠን፣ በዋድላ አድርገን ወልድያ ወረድን። ከዚያ አውቶብስ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ባቡር። እግሬ አብጦ፣ ስንቄ በሶ ሻግቶ፣ ቢሾፍቱ፣ ማለትም ደብረ ዘይት፣ ጣቢያ ስወርድ አያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አቅፎ ሲስመኝ ሸሚዙ በንዚን በንዚን ይላል። አገር ቤት የማውቀው የሰው ሽታ ላብ፣ ቅቤና ጭስ ነው፤ ይኼኛው አፍንጫ ይቆረቁራል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ያለዚያ ሽታ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ አረፈው። የእናቴ ናፍቆት የሚወጣልኝ የአያን ሸሚዝ ተንተርሼ ስተኛ ነበር። ሴቶቹ ጎረቤቶቻችን ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

በዚያው ሰሞን ግቢው ሐዘን ላይ ነበር። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሞቶ። ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ፋሽስት ሊገባ ሲል በ1927 ዓ.ም. መጥቶ የንጉሡን ጥቂት አውሮፕላኖች ያዘ፣ አድዋ ስትደበደብ እዚያው ነበር፣ ጦርነቱ ሲያበቃ አገሩ ገባ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ተመልሶ የእኛን ወጣቶች መብረር አስተማረ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለሕመምተኛ ደም ለማድረስ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ ወደቀ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ተኝቶ አረፈ። አያ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ እሰማ ነበር፦ ከስዊድኑ ካውንት ጋር እንደተጣሉ፣ በዚያው ሰበብ ሮቢንሰን አየር ኃይሉን እንደለቀቀ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ልጅ ሆኜ የገረመኝ፣ ሁለቱም ከባሕር ማዶ መጥተው፣ ሁለቱም የእኛን ልጅ አስተምረው፣ እርስ በርስ አለመዋደዳቸው ነው። ኋላ አስተማሪ ስሆን አልገረመኝም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ጎበዝ አስተማሪ ይቀመጥና እዩት።

ካውንቱ ማለት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነው። የቢሾፍቱ ልጆች ግን ያኔ ረጅም ፈረንጅ ሁሉ «ካውንት» ነበር የሚሉት። ስዊድኖቹ ብዙ ናቸው፤ አብራሪ አለ፣ መካኒክ አለ፣ ሒሳብ ያዥ ሁሉ አለ። በብስክሌት የሚያልፈውን ሁሉ «ካውንት! ካውንት!» እያልን እንከተላለን፤ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው በእጁ ያባርረናል። ስለዚህ ስንት ጊዜ አየኸው ብትሉኝ፣ በልጅነት ልቤ በየቀኑ አይቼዋለሁ። አያ ነው አንድ ቀን ከሽቦው አጥር አጠገብ ቆሞ፣ ሳሙና ባሳበጠው ጣቱ ወደ ሜዳው እያመለከተ «ያውልህ፣ እሱ ነው» ያለኝ። ከሩቅ ነው። አንዱን ተማሪ አውርዶ ሌላውን እያሳፈረ ነበር። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ስለነበረች ያየሁት ጥላ ነው ማለት ይቀለኛል።

የማይረሳኝስ ትምህርቱ ነው። ሳፊር የምትባለው ትንሿ ማስተማሪያ አውሮፕላን ከፊት ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አላት፤ መሪውም ሁለት ነው። ተማሪው ሲያጠፋ አስተማሪው በራሱ መሪ ያቃናለታል። ጧት ነው የሚበሩት፤ ቢሾፍቱ 1900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ለመነሳትም ረጅም ሜዳ መሮጥ ግድ ነው፣ ከሆራና ከቢሾፍቱ ሐይቅ በኩል የሚነሳው ንፋስም ክንፏን ይንጣታል። ይህን ሁሉ የነገረኝ አያ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስለ አየር ውፍረት ሲያስረዳ ብትሰሙት! አውሮፕላኗ ትነሳለች፣ ወደ ግራ ትዞራለች፣ ሜዳውን ከጎን አድርጋ ትሄዳለች፣ እንደገና ትዞራለች፣ ትወርዳለች፤ ጎማዋ መሬት ነክቶ ሳትቆም ደግሞ ትነሳለች። ያንኑ። ያንኑ። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን ሀ ሁ ሂ ብለን ጨርሰን እንደገና ከሀ እንደምንጀምረው ነው። እኛ ልጆቹ ሰልችቶን ኳስ ስንጫወት፣ ሽቅብ ያለው ሰው አልሰለቸውም።

ከዚያ አንድ ቀን አስተማሪው ይወርዳል። ሞተሩ እየዞረ ነው የሚወርደው። ወደ ዳር ሄዶ ይቆማል፣ ተማሪው ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ሥራ ያቆማል። አጣቢዎቹ ባልዲያቸውን አስቀምጠው፣ ወጥ ቤቶቹ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይወጣሉ። ልጁ ዞሮ ዞሮ በሰላም ሲያርፍ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ የማንም እናት አይደሉም፣ ግን ይላሉ። አያ «እኔ የማየው የሚበረውን አይደለም፣ የቆመውን ነው» ይለኝ ነበር። «ልጁ እስኪወርድ ድረስ የአስተማሪው እጅ ከኪሱ አይወጣም። ለምን መሰለህ? ይንቀጠቀጣላ!»

እኔም አብራሪ ልሆን ቋመጥኩ። ማን ያልቋመጠ? ግራ ጆሮዬ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይመግል ነበር፣ ሐኪሙም ገና ሳይመረምረኝ ከሽታው ነው የለየኝ። ስለዚህ መምህር ሆንኩ።

ስለ ካውንቱ ሕይወት ብዙውን ያወቅሁት ኋላ ነው፣ ከመጽሐፍም ከሰውም። በእነሱ አቆጣጠር በ1909 ስዊድን ውስጥ ከባለ ርስት ቤት ተወለደ። አባቱን በክረምት ማዕበል በአውሮፕላን ወደ ግንባቸው ያደረሰ አንድ ጀርመናዊ አብራሪ ነበር፤ ኸርማን ጎሪንግ ይባላል። ጎሪንግ እዚያው ቤት የካውንቱን እናት እህት አይቶ ወደዳት፣ አገባት፣ ኋላም የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ ሆነ። ከአንድ ሳሎን ሁለት አብራሪ ወጣ በሉት። ልጁ ግን በ1928 ዓ.ም. ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር ወደ እኛ አገር መጣ፤ በእርዳታ አውሮፕላን ሐኪምና መድኃኒት ያመላልስ ነበር። በዚያው ታኅሣሥ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን ቦምብ ተመታ፤ ድንኳኑ ላይ መስቀሉ እየታየ። በመጋቢት ደግሞ የካውንቱ የራሱ አውሮፕላን ኮረም ላይ መሬት እንደቆመች ነደደች። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለኝ። እሱም በዚያው ወር ከተምቤን እየሸሸ በዚያው አገር ነበር። አንዱ እግሩን እየጎተተ፣ ሌላው የተቃጠለ አውሮፕላኑን ትቶ፤ ተያይተው ይሆን? ተያይተውም ቢሆን አያቴ ፈረንጅ ባየ ጊዜ የሚያደርገውን እገምታለሁ፤ ካውንቱን የሚያተርፈው የጠመንጃው ጥይት ማለቅ ብቻ ነው።

ካውንቱ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። ከ1938 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ያቋቋሙትንና ያሠለጠኑትን ስዊድኖች መራ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. አንዲቷን ሳፊር ከስቶክሆልም አስነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ አስገባት፤ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ30 ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ። አያ ይቺን ታሪክ ሲያወራ አውሮፕላኗን እሱ ያጠባት ያህል ነበር። አላጠባትም፤ ያኔ አርብ ገበያ ሆኖ አጃ ያጭድ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ካውንቱ አገሩ ሲሄድ አያ ጠላ ቤት ገብቶ አመሸ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ያኔ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፣ ሰው እንዳያየን በጓሮ ወሰድኩት። አገሩን ትቶ የሄደ ሰው አገሩ ስለተመለሰ ምን ያስከፋል ብዬ ነበር የማስበው። ደግሞም አስተማሪዎቹ ቢሄዱ ተማሪዎቹ አስተማሪ ሆነዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሳፊር በግራ ወንበር ሀበሻ፣ በቀኝም ሀበሻ ተቀምጦ ያንኑ ዙር ሲዞር አየን። አያ ለእነሱም አጠበላቸው። ለእነሱም ቆሞ አየላቸው።

አንድ ነገር ግን እኔንና አያን አጣልቶናል። በ1961 ዓ.ም. እኔ አርብ ገበያ አስተማሪ ሆኜ ተመልሼ ሳለ፣ ካውንቱ ከናይጄሪያ ወደተገነጠለችው ቢያፍራ ገባ የሚል ወሬ ጋዜጣ ላይ አነበብሁ። መጀመሪያ ናይጄሪያ የከበበቻቸውን የተራቡ ሰዎች ለመርዳት ዝቅ ብሎ እየበረረ እህልና መድኃኒት አስገባ። ይሁን። ኋላ ግን ትንንሽ አውሮፕላኖች አምጥቶ ሮኬት ገጠመባቸው፣ የናይጄሪያን አውሮፕላን ማረፊያ መታ። ለእረፍት ደብረ ዘይት ስወርድ ጋዜጣውን ይዤለት ሄድኩ። «አያ፣ እማማ ትክክል ናት» አልኩት። «ያች ነገር መጨረሻዋ ይኸው ነው።» ዝም አለ። ከዚያ «ሕፃን ሲራብ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላየሁም ነበር። «እንግዲያስ አንተ ጋዜጣህን አንብብ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ያን እረፍት በደንብ አልተነጋገርንም፤ እኔ እስከ ዛሬ ያ ሮኬት አይዋጥልኝም። የቀይ መስቀል አውሮፕላኑ የነደደችበት ሰው የሰው አውሮፕላን ሲያነድ ምን እንዳሰበ ብጠይቀው ደስ ባለኝ።

ሕፃን ሲራብ ለማየት ብዙ አልቆየሁም። በ1966 ዓ.ም. ከባሽሎ ማዶ ከወሎ የተሰደደ ሰው ሽቅብ ወደ እኛ ይወጣ ጀመር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተቀመጡ እናቶች ነበሩ፣ አይለምኑም፣ ይቀመጣሉ ብቻ። የእኛም ጎተራ ሙሉ አልነበረም፤ ጓያ ቂጣ ነበር የምንካፈለው። በዚያ መሐል ከአያ ደብዳቤ መጣ፤ አንዱ ተማሪ ጽፎለት። «ካውንቱ ተመልሷል» ይላል። «በትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥሎ፣ መኪና የማይገባበት ተራራ ላይ ዝቅ ብሎ ይጥላል።» የዘዴው ምንጭ ያው ቢያፍራ ናት፤ ትንሽ አውሮፕላን ከዛፍ በታች ዝቅ ብላ ስትበር ማንም እንደማይደርስባት እዚያ አይቷል። ሮኬት የነበረበት ቦታ አሁን ስንዴ ተንጠለጠለበት። አያ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ለእማዬ አንብብላት» ብሎ አስጽፏል።

አነበብሁላት። እማማ ያኔ ዓይኗ ደክሞ መደብ ላይ ትውል ነበር። እስከ መጨረሻው አዳምጣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችና ፊቷን አዞረች። እኛ ሰፈር አልጣለማ! ጋይንት ሰማይ ላይ ያቺ አውሮፕላን አልመጣችም። ጥቂት ቆይታ ግን «ማነው ያልከኝ ስሙን?» አለችኝ። ነገርኳት፤ አፏ አልያዘው አለ። ማታ ዳዊቷን ጨርሳ፣ ሙታንና ሕያዋን ዘመዶቿን በስም እየጠራች ስታሳስብ፣ «ያም እህል የሚጥለው» ስትል ሰማኋት። ያች ነገር አላለችም። በሚቀጥለው ዓመት ሞተች፤ ስለ አውሮፕላን የነበራት ሐሳብ ምን ያህል እንደተለወጠ እግዜር ነው የሚያውቀው።

አያ ጡረታ ወጥቶ አርብ ገበያ የገባው አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ነው። ሳሙና የበላው እጁ፣ የለመደው ካኪ ሱሪ፣ አንድ ትራንዚስተር ሬዲዮ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ኦጋዴንን ወርራ፣ ዝናቡ ሣር ክዳናችንን እያፈሰሰ፣ እሱ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይውላል። የሚሰማው የተማሪዎቹን ነገር ነው፤ ተማሪዎቼ ነው የሚላቸው። እነ ለገሰ ተፈራ በኤፍ 5 ሚግ የጣሉበት ጦርነት ነው። «ያንን ልጅ ያስተማረውን ያስተማረው ማነው? ያንንስ ያስተማረው?» ይለኝና ቆጥሮ ቆጥሮ ያው ካውንቱ ላይ ያደርሰዋል።

ካውንቱ ጎዴ ላይ መሞቱን የሰማነው ዘግይተን ነው፣ ከደብረ ዘይት በመጣ ሰው። ሐምሌ 6 ቀን፣ ለተፈናቀሉት እርዳታ ሊያደርስ ሄዶ፣ ከተማዋ ስትጠቃ ተገደለ። 67 ዓመቱ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲበር የኖረ ሰው መሬት ላይ ሞተ። አያ አላለቀሰም። ቀን ቆጠረ። «አርባው ነሐሴ 15 ይውላል» አለ።

«የምን አርባ?»

«የሱ ነዋ!»

ዘመኑ ክፉ ነው። ሰው በስሙ ሳይቀር ይጠረጠራል፤ ለ«ካውንት» ተዝካር አወጣ የተባለ ጡረተኛ ለቀበሌው ምን ብሎ ያስረዳል? መኳንንት ማለት እኮ ነው። ለመንኩት፤ አልሰማ አለ። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር ሥጋ የለም፣ ወጪው ብዙ አይደለም፤ ባቄላና ስንዴ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ እኔ ጋኑን ተሸክሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አብሬው ሄድኩ። ድሆቹና የቆሎ ተማሪዎቹ ተሰበሰቡ። የቅኔው መምህር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጸሎት ለማድረስ ቆመው «የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉ።

አያ አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«የለውም፣ የኔታ» አለ።

«እንዴት የለውም? ካቶሊክ ነው?»

«አላውቅም። ፈረንጅ ነው።»

የኔታ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱት። ንፍሮውን አዩት፣ ድሆቹን አዩ፣ አያን አዩት። «እሺ፤ ሥራውስ ምን ነበር?»

«አስተማሪ» አለ አያ። «ተማሪው አርባ ጊዜ ቢሳሳት አርባ ጊዜ የሚያርምለት። ከዚያ ወርዶ ዳር የሚቆም።»

የኔታ ግማሽ ዕድሜያቸውን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። «ይህን ቀድመህ አትለኝም?» አሉት ቆጣ ብለው፣ ከዚያም ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው «ተነሱ፣ አቡነ ዘበሰማያት በሉ» አሉ።